ከፍታ የማያስደነግጠው ሰውነት



ንግግሬን ከዚህ አዳራሽ አየር ልጀምር። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ጅቡቲ ወደብ ላይ የቆመ ሰው በአንድ ትንፋሽ የሚስበው ኦክስጅን መቶ ነው ብንል፣ እናንተ አሁን የምትስቡት ሰባ አምስት ገደማ ነው። ባሌ ሳነቴ አምባ ላይ፣ 4,000 ሜትር ላይ ሲደረስ ደግሞ ስልሳ ይሆናል። ብዙ ሰው ይህ የሚሆነው ሽቅብ በተወጣ ቁጥር በአየሩ ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ ስለሚያንስ ይመስለዋል። ድርሻው ግን ባሕር ዳርቻም ሆነ ራስ ደጀን ጫፍ ላይ ያው 21 በመቶ ነው። የሚያንሰው ግፊቱ ነው። አየሩ ይሳሳል፤ ኦክስጅንን ከሳንባ ወደ ደም የሚገፋው ኃይልም አብሮ ይደክማል። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ ዛሬ የማወራው ሁሉ የሚመዘዘው ከእሷ ነው።

ብርድ ሲመጣ እንስሳ ጠጉር ያበቅላል፣ ጉድጓድ ይገባል። ድርቅ ሲመጣ ይሰደዳል። ከሳሳ አየር ግን መሸሸጊያ የለም። ጉድጓዱ ውስጥ ያለውም አየር ያው ነው፤ እንዲያውም የባሰ ነው። ስለዚህ ደጋ ላይ ትውልድ የሚተካ እንስሳ ጉዳዩን የሚጨርሰው በገዛ ሰውነቱ ውስጥ ነው። እንዴት እንደሚጨርሰው ለማየት ግን አስቀድመን ያልለመደው ሰውነት ምን እንደሚያደርግ እንይ።

ከአሳይታ የተነሳ ሰው ደባርቅን አልፎ ሳንቃበር ቢያድር፣ የመጀመሪያው ሌሊት ጥሩ ሌሊት አይሆንለትም። ልቡ ይመታል፣ ትንፋሹ ይፈጥናል፣ ራሱን ያመዋል። በቀናት ውስጥ ኩላሊቱ ኤሪትሮፖይቲን የሚባለውን ሆርሞን ያመነጫል፤ መቅኔውም ቀይ የደም ሕዋስ ማብዛት ይይዛል። ይህን ደም የማብዛት ሥራ የሚያዘው ሂፍ የተባለ ፕሮቲን ነው። ሂፍ በሕዋሶቻችን ውስጥ ያለማቋረጥ ይመረታል፤ ያለማቋረጥም ይፈርሳል። “ይፍረስ” ብሎ ምልክት የሚያደርግበት ኢንዛይም ሥራውን የሚሠራው ኦክስጅን ሲያገኝ ብቻ ነው። ኦክስጅን ሲያጥር ምልክት አድራጊው እጁ ይታሰራል፤ ሂፍ ከመፍረስ ይተርፍና ወደ ሕዋሱ አስኳል ገብቶ በመቶ የሚቆጠሩ ዘረመሎችን ይቀሰቅሳል። ይህን አሠራር የፈቱት ዊልያም ኬሊን፣ ፒተር ራትክሊፍና ግሬግ ሴሜንዛ በ2019 የሕክምና ኖቤል ተሸልመውበታል። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጠራው።)

ለጥቂት ሳምንታት እንግድነት ይህ ጥሩ መላ ነው። ችግሩ የሚመጣው ዕድሜ ልክ ሲሆን ነው። ፔሩያዊው ሐኪም ካርሎስ ሞንሄ በ1925 ከአንዲስ ተራሮች የመጣ ሕመምተኛ ገጠመው፤ ከንፈሩ የጠቆረ፣ ራሱን የሚያመው፣ ደሙ በቀይ ሕዋስ የተጨናነቀ። ደሙ እንደ ወፈረ አጥሚት ነበር፤ ልብ ገፍቶ ገፍቶ የሚደክምበት። በሽታው ዛሬም በሐኪሙ ስም ይጠራል፤ ዋናው መድኃኒቱም ወደ ቆላ መውረድ ነው። ይህ የሰውነቱ የመጀመሪያ ስሕተት ነው፤ ሁለተኛው በሳንባ ላይ የሚደርሰው ነው። ከሳንባ አንዱ ጥግ አየር ሲያጣ፣ በዚያ ጥግ ያለው ደም ሥር ይጠብና ደሙ አየር ወዳለበት ይዞራል። ብልህ አሠራር ነው። ተራራ ላይ ግን አየር የሚያጥረው ለሳንባው በሙሉ ነው፤ ደም ሥሩ ሁሉ ባንድ ጊዜ ይጠባል፤ የልብ ቀኝ ክፍል ያበጠ በር እንደሚገፋ ሰው ይለፋል፤ ፈሳሽ ወደ ሥጋ ይሰርጋል። በ1915 የኮሎራዶ ሐኪሞች ወደ ተራራ የተነዱ ከብቶች ፍርምባቸው አብጦ ሲሞቱ ያዩት ይህንኑ ነበር። በሽታውም በእንግሊዝኛ የፍርምባ በሽታ ተባለ።

እንግዲህ የዛሬው ንግግሬ ፍሬ ነገር ይህ ነው፦ አዲስ መጤው ሰውነት ተራራ ላይ የሚያደርገው አብዛኛው ነገር ድንጋጤ ነው። ተራራውን ለሺሕ ትውልድ የኖረበት እንስሳ ያገኘው ትልቁ ጸጋ ደግሞ ብዙ ጊዜ ተጨማሪ ኃይል ሆኖ አይገኝም፤ አለመደንገጥ ነው።

ያክን ተመልከቱ። የቲቤት አምባ ላይ ከ4,000 ሜትር በላይ የሚግጠው ይህ ጠጉራም ከብት፣ ከላም ጋር የሥጋ ዘመድ ነው። ሳንባውና ልቡ ከላም ይተልቃሉ። ከዚያ በላይ ግን የሳንባው ደም ሥር ግድግዳ ስስ ነው፤ አየር ሲሳሳ እንደ ኮሎራዶዎቹ ከብቶች አይኮማተርም። ትእዛዙ ይመጣል፤ እሱ አይሰማም። የቲቤት ሰዎችም እንዲሁ ናቸው። በ2010 የወጡ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ ከሂፍ ቤተሰብ በሆነው ኢፓስ1 በተባለ ዘረመል ላይ ያላቸው ለውጥ ደማቸው ከመጠን በላይ እንዳይወፍር ይገታዋል። በ2014 ደግሞ ይበልጥ የሚያስደንቅ ነገር ታወቀ፦ ያ የዘረመል ቅጂ የመጣው ከጠፉት የጥንት ሰዎች፣ ከዴኒሶቫውያን ነው። የቲቤት ውሻም የራሱን የኢፓስ1 ቅጂ ያገኘው ከአካባቢው የተራራ ተኩላ ጋር በመዳቀል ነው። ሰውም ውሻም ተራራው ላይ ቀድሞ ከኖረው ዘመዳቸው ወረሱ ማለት ነው። ተፈጥሮ የሚበጃትን ለውጥ በየጊዜው ከዜሮ ትጀምራለች ብለን ለተማርን ሰዎች ይህ ትልቅ እርማት ነው።

አሁን ወደ ደሙ ራሱ ልግባ። ሄሞግሎቢን አራት ሰንሰለት ያለው ፕሮቲን ነው፤ ሁለት አልፋ፣ ሁለት ቤታ። እያንዳንዱ ሰንሰለት አንድ የኦክስጅን ሞለኪውል ይሸከማል። ሄሞግሎቢን ሁለት ቅርጽ አለው፤ አንዱ ጭብጥ ያለ፣ ኦክስጅንን በቸልታ የሚይዝ፤ ሌላው ላላ ያለ፣ አጥብቆ የሚይዝ። የሁለቱን ቅርጾች ፋይዳ የሚያሳይ፣ በሕንድ የብርዱን ወራት አሳልፎ በሞንጎሊያና በቲቤት ሐይቆች የሚፈለፍል አንድ ዝይ አለ፤ ራሱ ላይ ሁለት ጥቁር ሰንበር ያለበት። ሂማላያን ክንፉን እያርገበገበ ያቋርጣል፤ እንደ አሞራ በአየር ላይ አይንሳፈፍም። በተገጠመለት መሣሪያ የተመዘገበው ትልቁ ከፍታው 7,290 ሜትር ነው። በዚያ ከፍታ ያለው ኦክስጅን በባሕር ጠለል ካለው ግማሽ አይሞላም፤ ዝዩ ደግሞ በዚያው ሰዓት ከባድ ሥራ ላይ ነው።

በዚህ ዝይ የአልፋ ሰንሰለት ውስጥ ካሉት 141 አሚኖ አሲዶች 119ኛው፣ በሌሎች ዝዮች ፕሮሊን የሆነው፣ በእሱ አላኒን ነው። አላኒን ከፕሮሊን ያንሳል። ማነሱ ከቤታ ሰንሰለቱ ጋር የነበረውን አንድ መነካካት ያስለቅቃል፤ መነካካቱ ሲለቅ ሄሞግሎቢኑ ወደ ላላው፣ ኦክስጅን ወደሚያጠብቀው ቅርጹ ያዘነብላል። ይህን በ1983 የተነበየው የሄሞግሎቢንን ቅርጽ የፈታው ማክስ ፔሩትዝ ነበር። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚጥመኝ፦ በሌላው የዓለም ጫፍ፣ በአንዲስ የሚኖር የሩቅ ዘመዱ የሆነ ዝይ፣ የዚያኑ መነካካት ሌላኛውን ጎን ቀይሯል። በቤታው 55ኛ ቦታ ላይ ሉሲን በነበረበት ሴሪን ገብቷል። አንዱ ከዚህ፣ ሌላው ከዚያ ያንኑ ቋጠሮ ፈቱት። በ1991 ተመራማሪዎች በሰው ሄሞግሎቢን ላይ እነዚህን ለውጦች አስገብተው ሲሞክሩት፣ የሰውም ሄሞግሎቢን ኦክስጅንን አጥብቆ መያዝ ጀመረ። ከዚህ የበለጠ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

ስለ ከፍታ ወፎች ሲነሳ የሩፔል ጥንብ አንሳ ሳይጠቀስ አይታለፍም፤ እኛም አገር አለ። በኅዳር 1973 አቢጃን ሰማይ ላይ፣ 11,300 ሜትር ገደማ ላይ ከመንገደኞች አውሮፕላን ጋር ተጋጨ። ላባው ተለቅሞ ነው ማንነቱ የታወቀው። ይህ ወፍ በደሙ አራት ዓይነት ሄሞግሎቢን ይዞ ይዞራል፤ ኦክስጅንን የሚይዙበት ጥብቀት የተለያየ ነው። ወፉ በስሙ የሚጠራው ኤድዋርድ ሩፔል የፍራንክፈርት ሰው ሲሆን በ1830ዎቹ ሰሜንና ጎንደርን ተዘዋውሯል። ጭላዳን፣ ዋልያን፣ ቀይ ቀበሮን፣ የባሌውን ግዙፍ ፍልፈል ለሳይንስ መዝገብ ያስገባው እሱ ነው። የደባርቅና የጃናሞራ ሰው ጭላዳንና ዋልያን ሺሕ ዓመት ሲያውቃቸው እንደኖረ መቼም መናገር አያስፈልገኝም።

አሁን ወደ ቤታችን ደረስን። ከአፍሪካ ምድር ከ3,000 ሜትር በላይ ካለው 80 በመቶ ያህሉ ኢትዮጵያ ውስጥ ነው። ስለ ከፍታ የሚጽፉ መጻሕፍት ግን ቲቤትንና አንዲስን ገጽ በገጽ ሲተነትኑ፣ እኛን በአንዲት አንቀጽ ያልፉናል። ይህን ቅር ብሎኝ ነው የምናገረው።

ጭላዳን ያላያችሁ ካላችሁ ጓሳ መንዝ ወይም ደብረ ሊባኖስ መሄድ ይበቃል። ሌሊቱን ገደል ላይ ያድራል። ማለዳ ወደ ሜዳው ወጥቶ ፀሐይ ይሞቃል፤ ከዚያ በቂጡ ተቀምጦ፣ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ሣሩን አንድ በአንድ እየነጨ፣ እየተንፏቀቀ ይግጣል። ከዝንጀሮ ወገን በሣር የሚኖር ሌላ የለም። በአንድ ዘመን ወገኖቹ ከደቡብ አፍሪካ እስከ ስፔንና ሕንድ ተሰራጭተው ነበር፤ ቅሪተ አካላቸው ይመሰክራል። ሁሉም ጠፉ፤ ደጋ የወጣው ብቻ ተረፈ።

በ2022 አንድ ዓለም አቀፍ የተመራማሪዎች ቡድን የጭላዳን ሙሉ ዘረመል አንብቦ ውጤቱን አወጣ። ሁሉም የጠበቀው የዝዩን ታሪክ ነበር። በእርግጥም በጭላዳ አልፋ ሰንሰለት ላይ የራሱ ብቻ የሆነ ለውጥ ተገኘ። ሄሞግሎቢኑን በቤተ ሙከራ ከሰውና ከቆላ ዝንጀሮ ጋር ሲያስተያዩት ግን ኦክስጅን የሚይዝበት ጥብቀት ያው ሆነ! ለውጡ አለ፤ ሥራው የለም። የሄሞግሎቢኑ መጠንም ከፍ ያለ አልነበረም። ታዲያ ምን አለው? እንስሶቹን አደንዝዘው ሲለኩ ደረቱ ከዘመዶቹ ከዝንጀሮዎች የሰፋ ሆኖ ተገኘ። ለኦክስጅን እጥረት መልስ በሚሰጡ ዘረመሎችም ላይ የተፈጥሮ ምርጫ አሻራ ታየ። ደሙን ሳይነካ ወናፉን አሰፋ ብንል ከእውነት አንርቅም።

ለምን እንደ ዝዩ አላደረገም የሚለውን እኔ እንዲህ ነው የማየው። ኦክስጅንን አጥብቆ የሚይዝ ሄሞግሎቢን ሳንባ ላይ ያተርፋል፤ ጡንቻ ላይ ሲደርስ ደግሞ አልለቅም ይላል። 7,000 ሜትር ላይ ትርፉ ከኪሳራው ይበልጣል። 3,500 ሜትር ላይ ግን ሒሳቡ ያን ያህል አያዋጣ ይሆናል። ከፍታ አንድ ነገር አይደለም፤ እያንዳንዱ ሺሕ ሜትር የየራሱ ሒሳብ አለው።

ከዚያው ጥናት ሌላ ያልተጠበቀ ነገር ወጣ። ጭላዳ 42 ክሮሞሶም እንዳለው ነበር የሚታወቀው። የሰሜን ተራሮች ጭላዳ ግን 44 ነው ያለው፤ አንዱ ክሮሞሶም ለሁለት ተከፍሎ። 42ና 44 ያላቸው ቢዳቀሉ ልጆቻቸው መውለድ ሊቸግራቸው ይችላል፤ ስለዚህ አንድ ብለን የምንጠራው እንስሳ ሁለት ዝርያ ሊሆን የሚችልበት ዕድል አለ። ይህ ከከፍታ ጋር ይያያዝ አይያዝ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ለጥበቃ ሥራ ግን ነገሩ ቀልድ አይደለም።

ስለ ሰውም ትንሽ ልበል። በ2002 አንትሮፖሎጂስቷ ሲንቲያ ቢል በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ በምትገኘው አምባራስ የሚኖሩ ገበሬዎችን ደም መርምራ ውጤቱን አሳተመች። ደማቸው እንደ አንዲስ ሰዎች አልወፈረም፤ የሄሞግሎቢን መጠናቸው ባሕር ጠለል ላይ እንዳለ ሰው ነው። ደማቸው ሊሸከም ከሚችለው ኦክስጅን ደግሞ በአማካይ 95.3 በመቶውን ተሸክሞ ነበር፤ ቲቤታውያን በዚያ ከፍታ ይህን አያገኙም። በኋላ የመጡ ጥናቶች ዘረመላቸውን ሲፈትሹ በቲቤት የታወቁት ዘረመሎች እዚህ ዋና ሆነው አልተገኙም፤ ሌሎች ተገኙ። ሦስት አምባ፣ ሦስት ሕዝብ፣ ሦስት መላ።

እዚህ ላይ ሁልጊዜ ስለ ሯጮቻችን ጥያቄ ይነሳል፤ ሳይነሳ ልመልሰው። “የሩጫ ዘረመል” ተብሎ በጣት የሚጠቆም ነገር አልተገኘም። ሯጮቹ የወጡባት በቆጂ ከፍታ አላት፤ ግን የሚሮጡ ልጆች፣ አሠልጣኝና ቀድሞ ያሸነፈ ጎረቤትም አላት።

ባሌ ላይ ታሪኩ ይጠልቃል። ፍንጫ ሀበራ በተባለ ዋሻ፣ 3,469 ሜትር ላይ፣ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ሰዎች ይቀመጡበት እንደነበረ በ2019 ይፋ ሆነ። የሚበሉት በዋናነት ግዙፉን ፍልፈል ነበር፤ የተጠበሱ አጥንቶቹ በብዛት ተገኝተዋል። ያ ፍልፈል ዛሬም ሳነቴ ላይ አለ። ዛሬ የሚያድነው ቀይ ቀበሮ ነው፤ ከጉድጓዱ አፍ አጠገብ ሆዱን መሬት አስነክቶ፣ ጆሮውን አቁሞ፣ ሳይነቃነቅ ይጠብቃል፤ ፍልፈሉ ለሣር ብቅ ሲል ይወረወራል።

የቀይ ቀበሮ አባቶች ተኩላ መሰል ነበሩ፤ ከዩራሲያ የመጡትም 100,000 ዓመት ገደማ በፊት እንደሆነ ይገመታል። በ2023 የወጣ ጥናት የአሥር የባሌ ቀይ ቀበሮዎችን ሙሉ ዘረመል አንብቧል። ሲ-አር-ኢ-ቢ-ቢ-ፒ በተባለ፣ ከሂፍ ጋር አብሮ በሚሠራ ዘረመል ላይ የምርጫ ምልክት ተገኘ። በዚያው የኢትዮጵያ ደጋ በሚኖሩ ውሾችም ላይ በዚሁ ዘረመል ላይ ተመሳሳይ ነገር ታየ። ቲቤት ላይ ውሻው ከተኩላው ወረሰ ብያችሁ ነበር፤ እዚህ ግን ሁለቱ ለየብቻ ሄደው አንድ ቦታ የደረሱ ይመስላል። ያ የእረኛ ውሻ፣ ማንም ዞር ብሎ የማያየው፣ ከብርቅዬው ቀበሮ እኩል የተፈጥሮ ምርጫ ሥራ ነው።

ጥናቱ ያሳየው ሌላም አለ። የቀይ ቀበሮ የዘረመል ብዝኃነት እጅግ አነስተኛ ነው፤ ይህም የትናንት የዘመድ ጋብቻ ሳይሆን ለብዙ ዘመን በቁጥር ጥቂት ሆኖ የመኖር ውጤት ነው። ደጋን የለመደ እንስሳ ደሴት ላይ እንዳለ ነው፤ ከባሌ ወደ ሰሜን ለመሻገር ቆላ መውረድ አለበት፤ ቆላ ደግሞ የእሱ አገር አይደለም። አየሩ ሲሞቅና የገብሱ ማሳ ሽቅብ ሲገፋ፣ ቀበሮው የሚሸሸው ወደ ላይ ብቻ ነው። ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ላይ ያልቃል።

ከዚህ ሁሉ በፍጥነት የሚገድለው ግን ሙቀቱ አይደለም፤ የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ በ2003ና በ2008 ከእረኛ ውሾች ወደ ባሌ ቀበሮዎች ተሻግሮ መንጋ በመንጋ ጨርሷል። ዛሬ በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 በታች ናቸው፤ ሁሉም እዚሁ አገር ውስጥ። መቶ ሺሕ ዓመት የፈጀ መላመድ በአንድ ወረርሽኝ ክረምት ሊያልቅ ይችላል።

ስለዚህ ሁለት ነገር ልለምናችሁ። ባዮሎጂ የምትማሩ ወጣቶች፦ ዋልያው፣ የደጋ አጋዘኑ፣ ፍልፈሉ፣ በ3,000 ሜትር የሚያርሰው በሬ ብዙ ያልተነበበ ነገር ይዘዋል፤ ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ አጣሁ የሚል ተማሪ እንዳልሰማ። ባሌ፣ አርሲ፣ መንዝ፣ ወሎ ወይም ሰሜን ደጋ ላይ ዘመድ ያላችሁ ደግሞ፣ ለበዓል ስትሄዱ ስለ ውሻው ጠይቁልኝ። ካልተከተበ በአቅራቢያው ወዳለው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ወስዶ እንዲያስከትበው ንገሩት።